ወደ አቦርጂናል መንደሮች ለሥራ ለምትሄዱ፦ ከታላላቆቹ ጋር ያሳለፍኩት

ይህን የምጽፈው ከሜልበርን ወይም ከፐርዝ ተነስታችሁ ወደ አውስትራሊያ መሃል ለሥራ ለምትሄዱ ወገኖቼ ነው። ነርስ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ የአረጋውያን ተንከባካቢ፣ መምህር ወይም እንደ እኔ የወጣቶች ሠራተኛ። የክልል ቪዛ ነገር አንዳንዶቻችንን የመሃል አውስትራሊያዋ ከተማ አሊስ ስፕሪንግስ ያደርሰናል። ከዚያ ደግሞ ሥራው በረሃው ውስጥ ወዳሉት የአቦርጂናል፣ ማለትም የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ መንደሮች ይወስደናል። የእኔ የመጀመሪያ ዓመት እጅግ ከባድ ነበር። ሁሉን ነገር ጥዬ ልመለስ የተነሳሁባቸው ጊዜያት ነበሩ። በመጨረሻ ሥራውንም እኔንም ያዳኑት የመንደሩ ታላላቆች ናቸው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

መንደሩ ከአሊስ ስፕሪንግስ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በዋርልፒሪ ሕዝብ ምድር ላይ ነው። ጉዳዩ የነዋሪዎቹ ስለሆነ ስሙን አልጠራም። የቀጠረኝ ድርጅት ዋና ቢሮ ከተማ ነው። እኔ ስደርስ ሁሉም ነገር ተወስኖ አልቋል። ወጣቶች ማታ ማታ የሚሰበሰቡበት ማዕከል ሊከፈት ነው። ቤቱ ተመርጧል፣ ሰዓቱ ተቆርጧል፣ በጀቱ ተመድቧል። ከመንደሩም ሁለት ረዳቶች ተቀጥረዋል። ማኅበረሰቡ ተማክሮ ተስማምቷል የሚል ሰነድም ተሰጠኝ።

ምክክሩ የተካሄደው በአንድ ጠዋት ነው። ከከተማ የመጡ ሰዎች በእንግሊዝኛ ገለጻ አደረጉ። ሳንድዊች ቀረበ። ጥያቄ አለ ወይ ተባለ። የተሰበሰበው ሰው ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። እንግዶቹ ከሰዓት በፊት ተመልሰው ሄዱ።

ማዕከሉ ተከፈተ፤ የሚመጣ ግን ጠፋ። አንዳንድ ማታ ጥቂት ወንድ ልጆች ብቅ ብለው ይሄዳሉ። ሴት ልጆች ጭራሽ አይመጡም። ከሁለቱ ረዳቶች አንዱ ከመጣ ሌላዋ ትቀራለች። ከከተማ በየሳምንቱ ይደወላል፤ ስንት ልጅ መጣ? ለምን አልመጡም? ቅስቀሳ አድርጊ። በጋው ገብቶ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ቤተሰብ ሩቅ ነው፤ የሚያዋራኝ ሰው የለም። እንቅልፍ አጣሁ።

በየጠዋቱ ከሱቁ አጠገብ ጥላ ሥር የሚቀመጡ አንድ እናት ነበሩ። ሰላም እላቸዋለሁ፣ ቀስ በቀስም አጠገባቸው መቀመጥ ጀመርኩ። ብዙ አያወሩም። እኔም ማውራቱን ተውኩት። ከሳምንታት በኋላ አንድ ቀን፣ አንቺ ናምፒጂንፓ ነሽ አሉኝ። እሳቸውም ናምፒጂንፓ ናቸው። እህታቸው አደረጉኝ ማለት ነው። በዋርልፒሪ ሥርዓት እያንዳንዱ ሰው ከስምንት የዝምድና ክፍሎች በአንዱ ውስጥ ነው። የየትኛው ክፍል እንደሆናችሁ ሲታወቅ ማን እናታችሁ፣ ማን ወንድማችሁ፣ ማን አማታችሁ እንደሆነ ይታወቃል። እስከዚያ ድረስ ሰው እንዴት እንደሚያናግራችሁ ይቸገራል። እኔ በልቤ እትዬ እላቸዋለሁ፤ እዚህም እንደዚያው ልጥራቸው።

ማዕከሉ ለምን ባዶ እንደሆነ የነገሩኝ እትዬ ናቸው። ወደ ተመረጠው ቤት የሚወስደው መንገድ በበጋ ወራት፣ የወንዶች ሥርዓት በሚከናወንበት ጊዜ፣ ሴቶችና ልጃገረዶች የማያልፉበት ነው። ሁለቱ ረዳቶች ደግሞ በዝምድናቸው አማችና አማት ናቸው። በዋርልፒሪ ባህል አማትና የሴት ልጇ ባል ፊት ለፊት አይነጋገሩም፣ አንድ ክፍል ውስጥም አይቀመጡም። ይህ የመከባበር ሕግ ነው። እኛ አገርም በሲዳማና በከምባታ ያገባች ሴት የአማቷን ስም የማትጠራበት ልማድ አለ፤ ስለዚህ ለእኛ ለመረዳት ሩቅ አይደለም። ለከተማው ቢሮ ግን በሠራተኛ ሰንጠረዥ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ታዲያ በስብሰባው ላይ ለምን ማንም አልተናገረም? ይህን ጥያቄ እናንተም ትጠይቁት ይሆናል። እንግዳ በእንግሊዝኛ፣ በችኮላ፣ በሰው ፊት ሲጠይቃቸው ብዙዎች አዎ ይላሉ። አዎ የሚሉት ጥያቄው እንዲያበቃ፣ እንግዳውም እንዳያፍር ነው። እንግሊዝኛ ለብዙዎቹ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። ደግሞ ስብሰባው ላይ የተገኙት የመንደሩ ሰዎች ስለዚያ ቦታ የመናገር መብት ያላቸው ሰዎች አልነበሩም። መብቱ የሌለው ሰው ስለ ሌላው ምድር አይናገርም፤ ዝም ይላል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይሄኛው ያማል። በሰኔ 2007 የጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ መንግሥት አሊስ ስፕሪንግስ ባለችበት በኖርዘርን ቴሪቶሪ ግዛት የአስቸኳይ ጊዜ እርምጃ አወጀ። ወታደሮች ጭምር ወደ መንደሮቹ ገቡ። 73 መንደሮች በአዋጁ ሥር ወደቁ። የድጎማ ገንዘባቸው ግማሹ ተይዞ በተፈቀደ ሱቅ ለተፈቀደ ነገር ብቻ እንዲውል ተደረገ። ይህን ለማድረግ የዘር መድልዎ መከላከያ ሕጉ ራሱ ታገደ። በዓመቱ፣ በሐምሌ 2008፣ የየመንደሩ ምክር ቤቶች ፈርሰው በትልልቅ የአካባቢ አስተዳደሮች ተዋጡ። የራሳቸው ሰብሳቢ፣ የራሳቸው መኪና፣ የራሳቸው ሠራተኛ የነበራቸው ሰዎች በአንድ ጊዜ ሁሉን አጡ። እትዬ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ወረቀት ይዞ እንደመጣና እንደሄደ ብቻ ነገሩኝ። እኔም ከመጪና ሂያጆቹ አንዷ ሆኜ እንደታየሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አልተቀየምኩም፤ እውነት ነበራቸው።

ነገሩ የተለወጠው ታላላቆቹ ራሳቸው ስብሰባ ሲጠሩ ነው። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንን ነው መስማት ያለብኝ? እትዬ መልሱን ለመስጠት ጊዜ ወሰዱ። ከዚያ ሰዎቹ ራሳቸው ተነጋገሩ። ሴቶቹ ለብቻቸው ተቀመጡ፣ ወንዶቹ ለብቻቸው ተቀመጡ፤ አንድ ላይ የተገናኙት በኋላ ነው። ቢሮ ውስጥ አልነበረም፤ ዛፍ ሥር ነበር። አስተርጓሚ ነበር። ዝምታው ረጅም ነው። ስብሰባ ላይ ዝም ሲባል ክፍተቱን በወሬ መሙላት የለመደ ሰው ይጨነቃል። እባካችሁ ዝም በሉ። ከዝምታው በኋላ ነው ዋናው ነገር የሚነገረው።

ያን ዕለት ስለ ኪርዳና ኩርዱንጉርሉ በዓይኔ አየሁ። ኪርዳ የሚባሉት በአባታቸው በኩል የአንድ ምድርና የሥርዓቱ ባለቤቶች ናቸው። ኩርዱንጉርሉ የሚባሉት ደግሞ በእናታቸው በኩል የዚያው ምድር ጠባቂዎች ናቸው። ባለቤቱ ያለ ጠባቂው አይወስንም። ጠባቂው ነገሩ በሥርዓቱ መሄዱን ያያል፣ ከተበላሸም ያስቆማል። አንድ ሰው ለአንዱ ቦታ ባለቤት፣ ለሌላው ጠባቂ ነው። እኛ እድር ስናስብ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ይመጣልናል፤ አንዴ የተመረጠ ለሁሉም ጉዳይ ይመራል። እዚህ እንደዚያ ብላችሁ አንድ አለቃ አትፈልጉ። ለዚህኛው ጉዳይ፣ ለዚህኛው ቦታ ማን ነው የሚናገረው ብላችሁ በየጊዜው ጠይቁ። እንግሊዝኛ የሚቀናው፣ ከመንግሥት ሰዎች ጋር ሁልጊዜ የሚታየው ሰው ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል። የመወሰን መብቱ ግን ሌላ ዘንድ ሊሆን ይችላል።

ታላላቆቹ የወሰኑት ከዕቅዱ በጣም የተለየ ነገር ነበር። ማዕከሉ ይዘጋ። ገንዘቡ ልጆቹን ወደ አያቶቻቸው ምድር ለመውሰድ ይዋል፤ ለነዳጅ፣ ለምግብ፣ ለሚያስተምሩት ሽማግሌዎችና እናቶች ክፍያ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ሲያስረዱ የማውንት ቲዮን ታሪክ አነሱ። በ1990ዎቹ ዩንዱሙ የሚባለው የዋርልፒሪ መንደር ልጆች ለስካር ቤንዚን የማሽተት ሱስ ሲይዛቸው፣ የዋርልፒሪ ታላላቆች ከመንደሩ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደሚገኘው ማውንት ቲዮ ወሰዷቸው። እዚያ አብረዋቸው ኖሩ፣ አደን ወሰዷቸው፣ ታሪክ ነገሯቸው። መንግሥት ፕሮግራም አድርጎ አልጀመረውም፤ ሽማግሌዎቹና እናቶቹ ናቸው የጀመሩት። በዩንዱሙ ማሽተቱ በጊዜ ሂደት ቆመ። ይህን የሠራ ሕዝብ ልጆቹን እንዴት እንደሚይዝ ከከተማ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም ነበር።

ቢሮው እምቢ አለ። ገንዘቡ ለቤት እድሳትና ለመሣሪያ የተመደበ ነው ተባለ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ያልወጣ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። እኔ በሁለት ወገን መካከል ተጣበቅኩ። ይህ ወቅት ከመጀመሪያዎቹ ወራት በላይ ከበደኝ፤ ምክንያቱም አሁን ልክ የሆነውን ነገር አውቄዋለሁ።

እዚህ ላይ የጠቀመንን ነገር በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ለእናንተም ይጠቅማል። በሐምሌ 2020 የአውስትራሊያ መንግሥታት ከአቦርጂናል ድርጅቶች ኅብረት ጋር ብሔራዊ ስምምነት ፈርመዋል። ክሎዚንግ ዘ ጋፕ ይሉታል፤ በአቦርጂናልና በሌላው ሕዝብ ኑሮ መካከል ያለውን ክፍተት መዝጋት ለማለት ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ማሻሻያዎች የመጀመሪያው ውሳኔን በጋራ መወሰን ነው። ሁለተኛው በማኅበረሰቡ የሚመሩ ድርጅቶችን ማጠናከር ነው። መንግሥት የፈረመው ነገር ስለሆነ ከመንግሥት በጀት የሚያገኝ ድርጅት አላውቀውም ሊል አይችልም። ታላላቆቹ በዋርልፒሪ ተናገሩ፣ አስተርጓሚው ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፣ እኔ ተየብኩት፣ እነሱ ፈረሙ። ደብዳቤው ስምምነቱን በስሙ ጠቀሰ። የእኔ ስም ደብዳቤው ላይ አልነበረም፤ እንዳይኖርም የወሰኑት እነሱ ናቸው። የጋራ ውሳኔ የሚሉት ነገር በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር እንዲህ መያዝ አለበት። የአውስትራሊያ ምርታማነት ኮሚሽን ራሱ በ2024 መጀመሪያ ባወጣው ግምገማ መንግሥታት የገቡትን ቃል በበቂ አልፈጸሙም ብሏል።

ምሳሌም ያስፈልጋል። ቢሮዎች ይህ የትም ተሠርቶ አያውቅም ማለት ይወዳሉ። እኛ ሁለት ምሳሌ አቀረብን።

የመጀመሪያው ኪንቶር ነው፤ ከአሊስ ስፕሪንግስ ወደ ምዕራብ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች እጥበት ለማግኘት አሊስ ስፕሪንግስ መጥተው መኖር ነበረባቸው። ከምድራቸው፣ ከልጅ ልጆቻቸው ርቀው፣ በባዕድ ምድር መሞት ማለት ነው። በመንደራችን ይሁን ሲሉ አይቻልም ተባሉ። ፓፑኛ ቱላ የሚባለው የአቦርጂናል ሠዓሊዎች ማኅበር አባላት በኅብረት ትልልቅ ሥዕሎች ሣሉ፤ በ2000 ሲድኒ ውስጥ በጨረታ ተሸጠው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ገንዘቡ ሲገኝ ድርጅት አቋቋሙ፣ ቦርዱንም ራሳቸው ያዙ። በ2004 ኪንቶር ውስጥ እጥበት ተጀመረ። ዛሬ ፐርፕል ሃውስ ተብሎ የሚታወቀው ድርጅት በብዙ ሩቅ መንደሮች ያገለግላል። በ2018 ደግሞ በሩቅ ቦታ በነርስ ለሚሰጥ እጥበት ሜዲኬር፣ የመንግሥት የጤና መድኑ፣ ክፍያ እንዲሸፍን ተደረገ። አይቻልም የተባለው ነገር የአገሪቱ አሠራር ሆነ። ነርሶች ሆይ፣ አሊስ ስፕሪንግስ ስትደርሱ የዚህን ድርጅት ታሪክ አንብቡ።

ሁለተኛው በኒው ሳውዝ ዌልስ ያለችው ቡርክ ናት። እዚያ ማራንጉካ የሚባል ሥራ አለ፤ የሚመራውም የቡርክ ጎሳዎች ምክር ቤት ነው። የፖሊስና የአገልግሎት ድርጅቶች ተወካዮች ጠዋት ጠዋት ተገናኝተው ትናንት ምን ተፈጠረ፣ የትኛው ቤተሰብ ድጋፍ ይፈልጋል ብለው ይነጋገራሉ። ወጣቶች ያለ መንጃ ፈቃድ እየነዱ እስር ቤት እንዳይገቡ መንጃ ፈቃድ እንዲያወጡ ይረዳሉ። ኬፒኤምጂ የተባለው አማካሪ ድርጅት ባደረገው ግምገማ ከ2016 ወደ 2017 በፖሊስ የተመዘገበ የቤት ውስጥ ጥቃት በ23 በመቶ ቀንሷል። በዋናዎቹ አምስት የወጣቶች ወንጀል ዓይነቶች የሚቀርብ ክስ ደግሞ በ38 በመቶ ቀንሷል። ቁጥር የሚፈልግ ቢሮ ካላችሁ ይህን ስጡት።

የቢሮው ኃላፊ በመጨረሻ ራሳቸው መጡ። ዛፉ ሥር ተቀምጠው ሰሙ። ግማሹ ገንዘብ ለታላላቆቹ ዕቅድ ተፈቀደ። ሌላው ግማሽ ሰኔ 30 ላይ ተመላሽ ሆነ፤ አሁንም ይቆጨኛል። ግን ልጆቹ መውጣት ጀመሩ። ሴት ልጆቹ ከሴት አያቶቻቸው ጋር፣ ወንዶቹ ከወንዶቹ ጋር። አማችና አማት የሆኑት ሁለቱ ረዳቶችም በተለያየ ጉዞ ላይ ተመደቡ፤ ሁለቱም እጅግ ጎበዝ ሠራተኞች ሆኑ።

መንገዱ ከዚያም በኋላ ቀጥ ያለ አልነበረም። ሰው ሲሞት ሁሉም ነገር ይቆማል። ሶሪ ቢዝነስ ይሉታል። ቤተ ዘመድ ከየመንደሩ ይሰበሰባል፣ ለቅሶው ቀናትም ሳምንታትም ይወስዳል። የሟቹ ስም አይጠራም። ተመሳሳይ ስም ያለው ሰው እንኳ በዚያ ወቅት በሌላ መጠሪያ ይጠራል። ፎቶው ከግድግዳ ይነሳል ወይም ይሸፈናል። ይህ ለሀበሻ አይከብድም፤ ለቅሶ መድረስ እናውቃለን። ከባዱ ሪፖርት የሚጠብቀውን ቢሮ ማስረዳት ነው። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው፣ ውሉ ላይ፣ ለቅሶ ሲኖር የሥራ ቀነ ገደብ ይራዘማል የሚል ቃል እንዲገባ አድርጉ።

በጥቅምት 14 ቀን 2023 የተደረገው ሕዝበ ውሳኔም ሌላ ከባድ ወቅት ነበር። የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሕዝቦች ለፓርላማ ድምፃቸውን የሚያሰሙበት አካል ይቋቋም ወይ የሚል ጥያቄ ነበር። ወደ 60 በመቶ የሚሆነው መራጭ አይሆንም አለ። በማግስቱ መንደሩ ጭር ብሎ ነበር። የአገሪቱ የአቦርጂናል መሪዎች የአንድ ሳምንት ዝምታ አወጁ። እኔም ስብሰባዎቹን ሁሉ ሰረዝኩ፤ ማንንም ምን ተሰማዎት ብዬ አልጠየቅኩም። ወደ ሥራ የተመለሱት በራሳቸው ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ጉዳያቸው የልጆቹ ጉዞ ነበር።

አሁን ለእኛ ለሀበሾች ብቻ የሚሆን ነገር ልበል። ቆዳችን ጥቁር ስለሆነ በሩ ቶሎ የሚከፈት ይመስለናል። ልጆቹ ፀጉራችሁን ያያሉ፣ ከየት ነሽ ይላሉ፣ ይስቃሉ፤ ደስ ይላል። ያ ግን አመኔታ አይደለም። አመኔታው የሚመጣው ቆይታችሁ ሲታይ ነው። በቅኝ ግዛት አልተገዛንም የሚለውን ኩራታችንንም እዚያ አታውሩት። መሬቱ የተወሰደበት፣ እናቱ በልጅነቷ ከቤተሰቧ የተነጠቀችበት ሰው ፊት ያ ንግግር እንዴት እንደሚሰማ አስቡት።

የሚከተሉትን ደግሞ ሳትረሱ ያዙ። የአቦርጂናል መሬት ላይ ለመግባት በ1976ቱ የመሬት መብት ሕግ መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በማዕከላዊ አውስትራሊያ ሴንትራል ላንድ ካውንስል የሚባለውን የመሬት ምክር ቤት ጠይቁ። ከልጆች ጋር የምትሠሩ ከሆነ ለዚሁ የሚያስፈልገውን ፈቃድ፣ ኦከር ካርድ የሚሉትን፣ አስቀድማችሁ አውጡ። ብዙዎቹ መንደሮች መጠጥ የተከለከለባቸው ናቸው፤ መኪናችሁ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ቢራ እንኳ አይገኝ። ስብሰባ በእግር ኳስ ቀን አትጥሩ፤ በእነሱ አገር እግር ኳስ ማለት የአውስትራሊያው ኳስ ነው፣ የሚቀር ሰው የለም። ታላላቆች ለሚሰጡት ጊዜና እውቀት ይከፈላቸው። ለእናንተ ደመወዝ ካለ ለእነሱም ክፍያ ይኑር። ስብሰባ ላይ የተባለው ምን እንደደረሰ ተመልሳችሁ ንገሩ፤ አልተሳካም ቢሆን እንኳ። ብዙ መጪዎች የሚጠፉት እዚህ ላይ ነው።

ለራሳችሁም አስቡ። በየወሩ ወደ ከተማ ወጥታችሁ ከሰው ጋር ብሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሂዱ፣ አማርኛ አውሩ። እኔ ይህን ስጀምር ነው እንቅልፌ የተመለሰው።

ከመቀጠራችሁ በፊት ቃለ መጠይቁ ላይ እናንተም ጠይቁ። ቦርዱ ላይ ከመንደሩ ማን አለ? ዕቅዱን ያወጣው ማን ነው? ታላላቆቹ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ በጀቱ ይቀየራል? ለአስተርጓሚና ለታላላቆች ክፍያ የተያዘ ገንዘብ አለ? ከሚመርጡኝ ሰዎች መካከል ከመንደሩ የመጣ አለ? እኔ ባለሁበት መንደር አሁን አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ሁለት ታላላቆች ቃለ መጠይቅ በሚያደርገው ፓናል ላይ ይቀመጣሉ፤ እነሱ ያልተስማሙበት ሰው አይመጣም። ለጥያቄዎቻችሁ የሚሰጣችሁ መልስ "እዚያ ስትደርሱ ታዩታላችሁ" ከሆነ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት እዚያ መንደር የሠራ ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ።